አይተዋል፣ ሰምተዋል

የእኔ ሥራ የሰው ፊት ማየት ነው። ስክሪኑን ማየት አይፈቀድልኝም። ወንበሬ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ወለሉ ላይ በብሎን ታስሯል፤ ጆሮዬ ላይ ደግሞ ምንም ድምፅ የማያስገባ መድፈኛ አደርጋለሁ። ከፊቴ የሚቀመጠው ሰው ከጀርባዬ ያለውን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። ሲጨርስ ቅጹ ላይ ሁለት ቃል እጽፋለሁ፤ «አይተዋል፣ ሰምተዋል»። ከዚያ እፈርማለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ስል ኖሬያለሁ።

መድፈኛው የታዘዘው ከእኔ በፊት የነበሩት ሁለት ባልደረቦች ሥራውን ጥለው ከሄዱ በኋላ ነው። አንዷ እስከ ዛሬ ከቤት አትወጣም ይባላል። ስለዚህ ጆሮዬን ቢያሳክከኝም አላማርርም።

የምሠራበት ቤት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ማኅደር ቤት ይባላል። የሰፈሩ ሰው የሚለጥፈው ሁሉ፣ ፎቶውም፣ ዘፈኑም፣ ሐሜቱም፣ ምድር ቤት ባሉት ማሽኖች ውስጥ ያድራል። እኔ ልጅ ሳለሁ ይህ ሁሉ የት እንደሚያድር የሚጠይቅ አልነበረም። ባሕር ማዶ ያለ የሆነ ድርጅት ያሳድረዋል፣ ሲያሻው ያጠፋዋል፣ በቃ። በኋላ ማሽኖች የሞተ ሰው ማናገር፣ ያልሆነውን ሆነ ብለው ማሳየት ሲጀምሩ አገር ታመሰ። ማን ይታመን? ብዙ ስብሰባ ተደረገ፣ ብዙ ውሃ ተጠጣ፣ በመጨረሻ የተገኘው መላ አያቶቻችን የሚያውቁት ሆኖ አረፈው። ዋስ።

ደም፣ ሬሳ፣ የሰው ጣር ያለበት ነገር እኛ ቤት የሚያድረው ሕያው ሰው ዋስ ከሆነው ብቻ ነው። ዋሱ በዓመት አንድ ቀን በአካል ይመጣል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያያል፣ ይሰማል፣ «እውነት ነው፣ እቆምለታለሁ» ይላል። ካልመጣ ይጠፋል፤ የጠፋ ደግሞ አይመለስም። አንድ ሰው በዕድሜው ለሦስት ነገር ብቻ ነው ዋስ መሆን የሚችለው፤ የማኅደር ቤት ሠራተኛ ለምንም አይችልም። ይጥፋ ብሎ የሚቃወምም ሳያይ መቃወም የለውም፤ እሱም ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ያያል። ማሽን ግን የሰው ሞት ያለበትን ቅጂ አይከፍትም፣ አያዳምጥም፣ ወደ ጽሑፍም አይገለብጥም። ይህን ሕግ ጥሶ የታሰረ ሰው አለ።

ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ማክሰኞ ማክሰኞ ቀጠሮ ይበዛል። የገዛ እግሩ የተቆረጠበት ቪዲዮ ላይ ዋስ የቆመ አንድ ሾፌር አለ፤ በየዓመቱ ቆሎ ይዞ ይመጣል፣ እየቆረጠመ ያያል፣ ጨርሶ «ደህና እግር ነበረች» ብሎ ይሄዳል። ባሏ ሲደበድባት የተቀረጸውን ቪዲዮ የምታሳድር ሴት ከመግባቷ በፊት መስታወት ፊት ቆማ ኩሏን ትኳላለች። እኔ ፊታቸውን አያለሁ። ዓይን መጨፈን፣ ፊት ማዞር፣ ጆሮ መድፈን አይቻልም። ይህን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ።

ጋሽ ይመር እንድሪስ የሚመጡት ጥቅምት አሥራ ሁለት ነው፤ ሕንፃው የወደቀበት ቀን።

ሕንፃው በ2080 ዓ.ም. ተሠርቶ ሳያልቅ ነው የተደረመሰው፣ ሰባት ፎቅ። የቀን ሠራተኞች ከሥሩ ነበሩ። አሥራ አንድ ሰው ሞተ ተባለ፤ ስማቸው ከሥራ ተቋራጩ መዝገብ ተወስዶ ቦታው ላይ በድንጋይ ሰሌዳ ተጻፈ። ሁሉም ወዲያው ነው የሞቱት ተባለ። ከአምስት ወር በኋላ ፍርስራሹ ከተደፋበት ገደል አንድ ስልክ ተገኘ፤ የጋሽ ይመር ልጅ የኑርዬ ስልክ። ውስጡ አሥራ አራት ደቂቃ የተቀረጸ ነበር። ኑርዬ ወዲያው አልሞተም።

አባትየው ዋስ ሆኑ። ነገሩ ቀላል ነበር ለሳቸው። «ወዲያው ሞቱ አሉ፤ አገር ይስማ፣ ወዲያው አልሞቱም» አሉኝ በመጀመሪያው ዓመት። ዋስ ከፈለገ ቅጂውን ከበር ኋላ ማድረግ ይችላል፤ ያን ጊዜ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚያየው እዚህ ክፍል መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ሙሉውን ነው። ይህን በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። በየዓመቱ «ክፍት ይሁን» ይላሉ። ክፍት ሆነ። አገሩም መጀመሪያዋን አርባ ሰከንድ እያየ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ አቧራው ምስሉን ያጨልመዋል፣ የቀረው ድምፅ ብቻ ነው፤ ጨለማ ላይ አሥራ ሦስት ደቂቃ የሚቀመጥ ሰው የለም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

ጋሽ ይመር ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ጆሯቸው ያለ መሣሪያ አይሰማም። ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ አውልቁ ያለ ሕግ የለም። ከዚያ ከሁለቱም ጆሯቸው መስሚያውን ነቅለው በነጭ መሐረብ ይጠቀልሉና ደረት ኪሳቸው ይከቱታል። ገብተው ይቀመጣሉ። ዓይናቸውን አይጨፍኑም። ጨለማውን አሥራ ሦስት ደቂቃ ያዩታል፣ ከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋል፣ የአሥራ አንዱን ሟች ስም አንድ በአንድ ሲጠሩ ከንፈራቸውን አይቼ መቁጠር ችያለሁ። ግን አይሰሙም።

መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ምን ልበላቸው? «ጋሼ፣ መስሚያዎን ያድርጉና የልጅዎን ጣር በደንብ ይስሙ» ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። አፌን ዘጋሁና ጻፍኩ፤ አይተዋል፣ ሰምተዋል። ስምንት ዓመት፣ ስምንት ጊዜ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ከወንበሩ አስነሣው ነበር።

ዘንድሮ፣ በ2089፣ ብቻቸውን አልመጡም። ዝናብ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በአንድ ጃንጥላ ሥር ሁለት ሆነው ገቡ። ጃንጥላውን የያዘችው መዲና ናት፣ የኑርዬ ሚስት። ሽማግሌው እንዳይረጥቡ ብላ የራሷ ትከሻ በስብሷል። ጋሽ ይመር ዋስ ሆነው ሊፈርሙ መጥተዋል። መዲና ልታጠፋው መጥታለች።

ሕጉ ግልጽ ነው። የሟች ሚስት እስከ መጨረሻው አይታ «ይጥፋ» ካለች ይጠፋል፤ ሽማግሌ አይቀመጥበትም፣ ይግባኝ የለውም። መዲና ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ሞክራለች። አንዴ ከበሩ ተመለሰች፣ ሁለቴ አርባው ሰከንድ ሳያልቅ ተነሥታ ወጣች።

«ዘንድሮስ ትችያለሽ?» አልኳት ቅጹን እየሰጠኋት።

«እችላለሁ እትዬ አስካለ» አለች። «ረውዳ ውሃ መጠጣት አቁማለች።»

ረውዳ ልጃቸው ናት፣ አሥር ዓመቷ ነው፤ ሕንፃው ሲወድቅ ገና ዳዴ ትል ነበር። ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ኑርዬ «ውሃ፣ ውሃ ስጡኝ» ይላል። ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ያቺን ቆርጠው ቪዲዮ በሚያሳየው መነጽራቸው ይቀባበሏታል። ረውዳ ኮዳዋን ባነሣች ቁጥር አንዱ ከኋላ ድምፁን አስመስሎ «ውሃ» ይላል፣ ክፍሉ ይስቃል። የልጅ ጭካኔ ነው፤ ነገ ይረሱታል፣ እሷ ግን አትረሳም። ጠዋት የወጣች ማታ እስክትመለስ አንድ ጉንጭ አትጠጣም። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ወድቃ ሐኪም ቤት ገባች።

ጋሽ ይመር ጃንጥላውን ጥግ አስደግፈው ተቀመጡ። «ልጅቱን ሌላ ትምህርት ቤት እናስገባታለን ብያለሁ» አሉ፣ ለእኔ እንደሚያስረዱ ሆነው።

«መነጽሩ የሌለበት ትምህርት ቤት የት ነው አባባ?» አለች መዲና። ድምፅዋ ቁጣ የለውም። በየሁለት ቀኑ ወጥ ሠርታ የምትልክላቸው እሷ ናት። «ምንጩ ሲጠፋ ቅንጣቢውም ይጠፋል። እኔ የማውቀው ይህን ነው።»

«ኑርዬስ?»

«ኑርዬ ሞቷል። ልጁን ነው የማድነው።»

የሽማግሌው እጅ ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፣ መሐረቡን ዳበሱና ተዉት።

መዲና ገባች። በሩን ዘጋሁ፣ መድፈኛዬን አደረግሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ።

ስለ ፊቷ የምጽፈው ለማንም ያልነገርኩትን ነው፤ ደግ ሰው ናትና ትፈቅድልኛለች ብዬ አምናለሁ። አርባው ሰከንድ ላይ ሁለቱንም እጇን ከጉልበቷ ሥር ከተተች፣ እንዳይሸሹ ይመስል። እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። ወዲያው ምስሉ ጨለመ፤ መብራቱ ፊቷ ላይ ስለቀነሰ አወቅሁ። ስድስተኛው ላይ ፈገግ አለች፤ ምናልባት ስሟን ጠርቶ ይሆናል። አንገቴን ሰበርኩ። ፊት ማየት ሥራዬ ቢሆንም እዚያች ላይ ሌባ የሆንኩ መሰለኝ።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ አካባቢ ፊቷ ተለወጠ። ማልቀስ አቆመች። ግንባሯን ቋጠረች፣ ወደ ፊት አጎነበሰች፣ የሆነ ነገር ለመስማት እንደምትታገል። ከንፈሯ አንድ ቃል ደገመ። ከዚያ ከጉልበቷ ሥር እጇን አውጥታ ከፊቷ ያለውን እስክሪብቶ አነሣችና መዳፏ ላይ ጻፈች። እንዲህ ያደረገ ሰው አይቼ አላውቅም። መጻፍ አይከለከልም፤ ማንም ስላላሰበው አልተከለከለም።

ሲያልቅ መድፈኛዬን አወለቅሁ። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ ይጥፋ፣ ይቆይ። መዲና ሳታየው ተነሥታ በሩን ከፈተች።

«አባባ» አለች፣ «እናኑ ማን ናት?»

ጋሽ ይመር ቀና አሉ። «የማን እናኑ?»

«እናኑ ሙሄ። ከወግዲ።» መዳፏን እያየች ነበር።

«ሰሌዳው ላይ እናኑ የሚባል የለም። አሥራ አንዱንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ሰይድ፣ አበበ፣ ጌጡ...»

«ስሟን ይጠራል እኮ። መጨረሻው ላይ።» መዲና ሽማግሌው ፊት ቁጢጥ አለች። «ይቆጥራቸዋል አባባ። ሊያወጧቸው የሚመጡ ሰዎች እንዲሰሙት ነው የቀረጸው። ‹እኔ ኑርዬ ይመር ነኝ፤ ሰይድ አለ፣ ይተነፍሳል፤ እናኑ አለች› ይላል። ከዚያ ይጠይቃታል፣ ‹እናኑ፣ የአባትሽ ስም ማነው?› ይላታል። ሩቅ ድምፅ ነው፣ ቀጭን። ትመልስለታለች። እሱ ጮክ ብሎ ይደግመዋል፤ ‹እናኑ ሙሄ፣ ከወግዲ። ዛሬ ነው ሥራ የጀመረችው፣ መዝገብ ላይ የለችም። ስትቆጥሩ እንዳትረሷት› ይላል። ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ‹እንዳትረሷት።›»

ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲመታ ይሰማል።

«ዘጠኝ ዓመት ነው» አለች መዲና ቀስ ብላ። «በየዓመቱ ሰምተውት እንዴት አንድ ቀን...» አልጨረሰችውም። የሽማግሌው እጅ እንደገና ደረት ኪሳቸው ላይ ነበር። ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ፤ መሐረቡ ላይ።

ያን ጊዜ እኔ መናገር ነበረብኝ፤ ዝም ብል ጉዴ አይታወቅም ነበር። ተናገርኩ። «አይሰሙም መዲና። መስሚያቸውን አውልቀው ነው የሚገቡት። አውቅ ነበር። ሰምተዋል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ይመር ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እኔን ለማዳን የሚሆን ነገር የፈለጉ መሰሉ፣ አላገኙም። «ድምፁን ከሰማሁ በኋላ ቤቴ ገብቼ ምን እሆናለሁ?» አሉ። «አገር ይስማ አልኩ። አገር የሚሰማው እኔ ስሰማ መሆኑን አላሰብኩም። የሙት አደራ ነበር ለካ። ያላሁ፣ ያቺ የሰው ልጅ።»

መዲና እጃቸውን ያዘች። እኔ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሦስታችንም ሕጉን ማሰብ ጀመርን፤ ቀን እየሄደ ነው። የጋሽ ይመር ዋስትና ከመጀመሪያው ጀምሮ የለም ማለት ነው። ዋስ የሌለው ቅጂ ደግሞ የዕለቱ ሥራ ሲያበቃ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጠፋል። ጋሽ ይመር ዳግመኛ ዋስ ሊሆኑ አይችሉም፤ ያልሰሙትን ሰማሁ ያለ ሰው መብቱን ያጣል። እኔ ሠራተኛ ነኝ። ቅጂውን ዛሬ እስከ መጨረሻው አይታ የሰማች አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ልታጠፋው የመጣች።

መዲና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። መዳፏን ዘርግታ አየችው።

«ብተወው በራሱ ይጠፋል አይደል?» አለች።

«አዎ። ምንም መፈረም አይጠበቅብሽም።»

«ረውዳ ነገ ውሃ ትጠጣለች።»

«ትጠጣለች።»

«ስሟን መዳፌ ላይ ጽፌዋለሁ። ወግዲ ሄጄ እናትና አባቷን ባገኛቸው፣ ሞታለች ብላቸው፣ ምን ብለው ያምኑኛል? በምን?»

መልሱን ታውቀዋለች። ሰው ያልቆመለት ወሬ በዚህ ዘመን ወሬ አይባልም።

«ያ ከበር ኋላ የሚሉት ነገር» አለች በመጨረሻ። «ዋሱ ነው የሚወስነው?»

«ዋሱ ብቻ።»

«ማለት ማንም ቆርጦ አይወስደውም? የመጀመሪያዋን ብቻ አይቶ የሚሄድ የለም?»

«የለም። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሙሉውን የሚያይ ብቻ ያያል። ያሉት ቅንጣቢዎች ዛሬውኑ ይጠፋሉ።»

ወደ ጋሽ ይመር ዞረች። «አባባ፣ ክፍት ይሁን ይላሉ ገና?»

«ምን አፍ አለኝ ልጄ» አሉ። «የሰማሽው አንቺ ነሽ፤ እንዳሻሽ አድርጊ።»

ቅጹን አቀረብኩላት። የዋስ ቅጽ ከተቃውሞው ቅጽ ይረዝማል። ሦስተኛው መስመር «የምቆመው ለማን ነው» ይላል። ሰዉ ሁሉ እዚያ ላይ የሟቹን ስም፣ የዘመዱን ስም ይጽፋል። መዲና መዳፏን አስተያይታ እንዳትሳሳት ፊደል በፊደል ጻፈች፤ እናኑ ሙሄ፣ ወግዲ። ከዚያ ተነሥታ ቆመችና መባል ያለበትን አለች። እውነት ነው፣ እቆምለታለሁ።

እኔም ሌላ ቅጽ አወጣሁና የራሴን ስምንት የሐሰት ፊርማ ከነቀናቸው ጻፍኩ። ስድስት ወር ከክፍሉ ታገድኩ፤ ምድር ቤት የማሽኖቹን አቧራ እየጠረግሁ ከረምኩ። ቀላል ቅጣት ነው። ኃላፊዬ «እንዲህ ያለ ይሉኝታ ሰው ይገድላል» አለኝ። የገደለው ሰው እንዳለ አላውቅም፤ የቀበረው ግን አለ።

መዲና ወግዲ ሁለት ጊዜ ሄደች። ሙሄ የሚባል ሰው እዚያ አይጠፋም፤ እናኑ የምትባል ልጅ የጠፋችበት ሙሄ ግን አንድ ነበር። ልጅቱ ዐረብ አገር ሄዳለች ብሎ ነበር የሚያምነው። አሠሪዎቿ ስልክ ከልክለዋት ይሆናል እያለ፣ በሬዲዮ የተመላሾች ስም ሲነበብ ሥራውን እያቆመ ሲያዳምጥ ዘጠኝ ዓመቱ።

ግንቦት ላይ፣ እኔ ወደ ወንበሬ በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። የመስኖ ፓምፕ ጠባቂ ነው፣ አጠር ያለ፣ እጁ የናፍጣ ጠረን ያለው ሰው። መዲና በር ድረስ አመጣችው። ረውዳም አብራት ነበረች፣ ኮዳዋ አንገቷ ላይ፤ እዚያው በረንዳው ላይ ቆማ ስትጠጣ አየኋት።

«ሙሉውን ማየት ግዴታ ነው?» አለኝ ሙሄ።

«ግዴታ ነው።»

«ስንተኛው ላይ ናት ልጄ?»

«አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ነው ይላሉ። እኔ አልሰማሁም።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ በሩ ሄደ፤ እጀታው ላይ እጁ ቀረ። አልገባም፣ አልተመለሰም። ያኔ ከአግዳሚው ላይ ጋሽ ይመር ተነሡ። ሳይጠሩ ነው የመጡት፤ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጫማቸውን አወለቁ። እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሲሄድ አየሁ፤ ልማድ ነው። መስሚያውን ነኩት፣ በጣታቸው ጫን አድርገው አጥብቀው አስገቡት፣ ሌላኛውንም።

«የልጄ ድምፅም አለበት» አሉት ሙሄን። «እኔም ሰምቼው አላውቅም። ና፣ አብረን እንስማ።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መድፈኛዬን አደረግሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ገና በመጀመሪያው ቃል ጋሽ ይመር እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ሙሄ ክንዳቸውን ያዘ። እስከ አሥረኛው ደቂቃ እንደያዛቸው ቆየ። አሥራ አንደኛው ላይ ሙሄ ራሱ መያዝ አቃተው፤ ሽማግሌው ያዙት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ የገዛ ስሙን ነበር የሚለው፤ ልጁ ጨለማ ውስጥ ሆና ስትጠራው የሰማውን።

ሲጨርሱ ፊቴን አላዞርኩባቸውም፣ እነሱም ፊታቸውን አላዞሩብኝም። ቅጹን ሳብኩና ሁለቱን ቃል ጻፍኩ። አይተዋል፣ ሰምተዋል።